አቤት ያላለው ማን ነው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቤታችን ኮምፒውተር ነው። ቤታችሁ ኮምፒውተር ባይኖርም አንብቡት። ነገሩ ስለ ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የተበላሸ ነገር ሲያጋጥም ችግሩ የት እንዳለ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝም ነው።

የእኛ ኮምፒውተር አዲስ አይደለም። ደባርቅ የሚኖረው አጎቴ ሲጽፍበት ቆይቶ ሌላ ሲገዛ ለእናቴ ሰጣት። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። እናቴ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ትጽፋለች። ሰፈራችን ማራኪ ግቢ አካባቢ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያመጡላታል፤ የሰፈር ሰዎች ደግሞ ማመልከቻ ያስጽፏታል። የሚከፈላት በገጽ ነው። የእኔና የወንድሜ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከዚሁ ነው።

የኮምፒውተሩ ጠባይ ግራ ያጋባል። ጠዋት ሲከፈት ጤነኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ማታ ሲዘጋም በደንብ ይዘጋል። ሪስታርት ከተባለ ግን ስታክ ያደርጋል። ስክሪኑ ጨለም ይላል፣ የፋብሪካው ምልክት ይመጣል፣ ከዚያ በቃ እዚያው ድርቅ! ኪቦርዱ አይሰማም፣ ማውሱም አይንቀሳቀስም። እናቴ ማብሪያውን ተጭና ትይዝና በግድ ታጠፋዋለች። ሪስታርት አለማድረግ ደግሞ አይቻልም። የአማርኛ መጻፊያ ሲጫን ሪስታርት ይጠይቃል፣ ፕሪንተር ሲጫን ይጠይቃል፣ አፕዴት ሲመጣም ይጠይቃል።

እናቴ አንድ ጥገና የሚሠራ ሰው ጠየቀች። እሱም ኮምፒውተሩን ሳያየው፣ ነገሩን በቃል ብቻ ሰምቶ፣ «ፎርማት ይደረግ፤ ካልሆነ ሀርድ ዲስኩ ይቀየራል» አላት። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ይጠፋል ማለት ነው። በውስጡ ደግሞ ያላለቁ የሦስት ተማሪዎች ጽሑፎችና ያረፈችው አያቴ ፎቶዎች አሉ። የሀርድ ዲስክ ዋጋ ሲነገራት እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «ቅዳሜ እወስደዋለሁ» አለች።

ቀኑ እሑድ ነበር። «እማ፣ እስከ ቅዳሜ እኔ ልየው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ ልጄ፣ ግን የሰው አደራ ነው። አንዲት ገጽ ብትጠፋ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አለችኝ። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችን በፊት ጽሑፎቹንና ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥናቸው። ፍላሹን እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ከዚያ ሁሉም ሰው የመሰለውን ተናገረ። ወንድሜ «ቫይረስ ነው» አለ። ጎረቤታችን «የደባርቅ ብርድ በልቶት ነው» አሉ። አጎቴ ስንደውልለት «እኔ ጋ እያለ አንድ ቀን ስታክ አድርጎ አያውቅም፤ መንገዱ አናውጦት ይሆናል» አለ። ጠጋኙ ሀርድ ዲስክ ብሏል። አራት ሰው፣ አራት በሽታ!

ሰኞ ለአይቲ መምህራችን ነገርኩት። ቲቸር መልሱን አልነገረኝም፤ ይልቁንስ ጠየቀኝ። «የት ላይ ነው የሚደርቀው? ከመጥፋቱ በፊት ነው ወይስ ምልክቱ ከመጣ በኋላ?» ምልክቱ ከመጣ በኋላ ነው አልኩት። «ጥሩ፤ እንግዲያው ስም ጥሪ ላይ ነው» አለኝ።

ስም ጥሪ ያለው ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ኮምፒውተር ሲነሳ ዊንዶውስ ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይነቃል። ባዮስ እንደ ክፍል አለቃ ነው። «ሚሞሪ!» ይላል፣ ሚሞሪ «አቤት» ይላል። «ኪቦርድ!» አቤት። «ሀርድ ዲስክ!» አቤት። ሁሉም መኖራቸውን ካረጋገጠ በኋላ ዊንዶውስን ከሀርድ ዲስክ ይጠራዋል። ከተጠሩት አንዱ አቤት ካላለ አንዳንድ ባዮስ አልፎት ይሄዳል፣ አንዳንዱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። የእኛም እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛ፣ በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። ስለዚህ የወንድሜ ቫይረስ በጣም አያስጠረጥርም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ፋይሎቹን ዘግቶ ስለወጣ ምልክቱ ላይ ሲደርቅ በግድ ማጥፋት ጽሑፍ እየተጻፈ ሳለ ከማጥፋት ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው። የቀረው አቤት ያላለውን መፈለግ ነው።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሙከራ ተምረናል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል፣ ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። ሁለት ነገር አብረን ብንቀይርና ቢድን የትኛው እንዳዳነው አናውቅም። ስለዚህ ከአሮጌ ደብተሬ ላይ ቀን፣ የተቀየረው ነገር፣ ውጤት ብዬ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። ለእያንዳንዱ ሙከራ አምስት ጊዜ ሪስታርት እንድናደርግም ተስማማን። መጀመሪያ ምንም ሳንቀይር ሞከርነው። ከአምስቱ አራት ጊዜ ደረቀ።

ማክሰኞ የአጎቴን ጥርጣሬ ሞከርን። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልን፣ እናቴ ጎኑን በቪስ መፍቻ ከፈተችው። ውስጡ አቧራ ብቻ! በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው። ሚሞሪውን አወጣንና ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለን አሸት አሸት አድርገን «ቀጭ» እስኪል መለስነው። ውጤቱ ከአምስት አራት ጊዜ ድርቅ ሆነ። መንገዱ ነጻ ወጣ።

ረቡዕ ማታ መብራት ስለጠፋ ሙከራ የለም። ደብተሩ ላይ «መብራት የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ሰዓቱን አየሁት። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ሲከፈት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ነው። ስሟ ሲአር 2032 ይባላል። 20 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ጉልበቷ 3 ቮልት ነው። ፒያሳ ካለ ሰዓት ጠጋኝ ገዝተን ቀየርናት። ሰዓቱ ተስተካከለ፤ ሪስታርቱ ግን እንደ ድሮው ደረቀ። አንድ በሽታ ዳነ፣ የምንፈልገው ግን እሱ አልነበረም።

በዚያው ቀን ስለ ጎረቤታችን ሐሳብ ቲቸርን ጠየቅኩት። አልሳቀብኝም፤ ከፍታና ሀርድ ዲስክ በእርግጥም ይገናኛሉ አለኝ። በሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ውስጥ የምታነበው መርፌ ሳህኑን አትነካም፤ በጣም ስስ በሆነ የአየር ምንጣፍ ላይ ትንሳፈፋለች። ቦታው ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ መርፌዋም ወደ ሳህኑ ትጠጋለች። ስለዚህ አብዛኞቹ ለቤት ኮምፒውተር የሚሠሩ ሀርድ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ተብለው ነው የሚሠሩት። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ይቻላል። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ የበለጠ ይመቸዋል። ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ቢሆን ኖሮ ከ3,000 በላይ ስለሆኑ ያጠራጥር ነበር። እኔ ስሜን ተራራ ሲባል ዋልያና ጭላዳ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ አሁን ሀርድ ዲስክም ይታየኛል። ቤት ገብተን ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የዲስክ መመርመሪያ አስኬድነው። አንድም ስህተት አላገኘም።

ዓርብ ከውጭ የተሰኩትን ነገሮች አንድ በአንድ መንቀል ጀመርን። ፕሪንተሩ ተነቀለ፤ ደረቀ። ፕሪንተሩን መልሰን ማውሱን ነቀልን፤ ደረቀ። ኪቦርዱን ለመንቀል ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ በስልክ መብራት ጀርባውን ሳይ፣ ከታች በኩል ከጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ተሰክታ አየሁ። ካርድ ሪደር ናት፤ በውስጧ የስልክ ሚሞሪ ካርድ አለ። ከእኛ ቤት ማንም አልሰካትም። ከደባርቅ እንደተሰካች አብራ መጥታለች!

ነቀልናት። ሪስታርት አደረግን፤ ተነሳ። ደገምን፤ ተነሳ። ወንድሜ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ከአሥር አሥር! እናቴ «እልል» ልትል ስትል «ቆይ እማ» አልኳትና መልሼ ሰካኋት። ደረቀ። ነቀልኳት፤ ተነሳ። እርግጠኛ የሆንነው ያኔ ነው። አንድን ነገር አውጥተን ሲድን ብቻ ሳይሆን፣ ስንመልሰው በሽታው ከተመለሰም ነው ምክንያቱ እሱ ነው የምንለው።

ታዲያ አጎቴ ለምን አላየውም? ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ደባርቅ እያለህ ሪስታርት ታደርገው ነበር?» አልኩት። «ኧረ እኔ! ከፍቼ እጽፋለሁ፣ ዘግቼ እተኛለሁ» አለ። ይኸው ነው ምስጢሩ። ኮምፒውተሩን ዘግተን ማከፋፈያውን ስናጠፋ ኤሌክትሪኩ ከካርድ ሪደሯም ይቋረጣል፤ ጠዋት እሷም ከሁሉ ጋር አዲስ ትነሳለች። ሪስታርት ሲሆን ግን ኤሌክትሪኩ አይቋረጥባትም። ቲቸር እንዳለው፣ ስም ጥሪው ሲጀመር እሷ ገና ያለፈው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለሆነች ሳትሰማ ቀርታ ሳይሆን አይቀርም። አጎቴ ስለ ካርዱ ስነግረው «ስንት ወር ስፈልገው! የልጆቼ ፎቶ ያለው እሱ ላይ እኮ ነው» ብሎ ተደሰተ። ፎርማት ብናደርግም ሀርድ ዲስክ ብንቀይርም ካርድ ሪደሯ እዚያው ተሰክታ ትቆይና ኮምፒውተሩም መድረቁን ይቀጥል ነበር።

ቲቸር አንድ ታሪክ ነግሮኛል። በፈረንጆች 1947 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ ሁለት የሚባለው ክፍል የሚያህል ኮምፒውተር እንቢ አለ። ሠራተኞቹ ሲፈልጉ በውስጡ አንዲት የእሳት እራት ገብታ አገኙ። አውጥተው በፕላስተር መዝገባቸው ላይ ለጠፏትና አጠገቧ ጻፉ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በሙዚየም ተቀምጧል። እነሱም መዝገብ ነበራቸው፣ የእኔም ደብተር መዝገብ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ያልጻፈም በሽታውን ይረሳዋል።

ኮምፒውተራችሁ እንደኛው ቢያስቸግራችሁ ይህን አድርጉ፦

1. ከሁሉ በፊት ጽሑፋችሁንና ፎቷችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ።
2. የት ላይ እንደሚደርቅ አስተውሉ፤ ከምልክቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?
3. ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከኪቦርድና ከማውስ በቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ ጀርባውንም እዩ።
4. ውስጡን የምትከፍቱት ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ፣ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ሲኖር ብቻ ነው።
5. አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ያልዳነበትንም ቀን ጻፉ።

ለክበባችንና ለመምህራን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው አሉ። ወረቀቱ ግን ምን እንደሆኑ፣ ምን ተሞክሮ እንደነበር አይናገርም። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ ደብተር ቢቀመጥና የክበባችን አባላት ከቲቸር ጋር በሳምንት አንድ ቀን አንድ አንድ ነገር ብንሞክርስ? ሁሉም አይድኑ ይሆናል። ምናልባት ግን አንዷ ከጀርባዋ የተረሳ ነገር ተሰክቶባት ይሆናል። ደብተሩን እኔ አመጣለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል