ስም የሌላቸው አጥንቶች

በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከቬርደን ከተማ ወጣ ብሎ ዱኦሞን የሚባል ኮረብታ አለ። በላዩ አንድ ረጅም የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። በግርጌው ባሉት ትንንሽ መስኮቶች ጎንበስ ብለን ስናይ የተከመረ የሰው አጥንት አየን። ማንነታቸው ያልታወቀ የ130,000 ያህል የፈረንሳይና የጀርመን ወታደሮች አፅም ነው። በሕይወት ሳሉ የተገዳደሉት ዛሬ ተለይተው አይታወቁም።

እ.ኤ.አ. በ1916 እዚህ አሥር ወር በፈጀ ውጊያ 300,000 ያህል ሰው አለቀ። ፋብሪካው ሌት ተቀን የመድፍ ጥይት ያመርታል፤ ባቡርና ካሚዮን ያመላልሳል፤ መንግሥታቱም ወጣቱን ከየመንደሩ በግዳጅ ይሰበስባሉ። ሰውም እንደ ጥይቱ ሲያልቅ የሚተካ ዕቃ ሆነ። አብዛኛው የሞተው ፊቱን እንኳ ባላየው ሰው መድፍ ነው። በአጠገቡ የነበረችው የፍሉሪ መንደርም ጠፍታ ቀረች፤ ዳግመኛ አልተሠራችም።

ከሕንፃው ፊት ለፊት በተንጣለለው መካነ መቃብር ወደ ቂብላ የዞሩ መቃብሮች አሉ። ፈረንሳይ ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ አምጥታ ያሰለፈቻቸው ሙስሊም ወታደሮች ናቸው፤ ባልጀመሩት ጦርነት ከአገራቸው ርቀው ቀሩ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ስለ ጦርነት ጀግንነት ሲጠይቁን፣ ልጇ የት እንደተቀበረ ሳታውቅ ስለሞተችው እናትም አብረን እንንገራቸው።