ከፎቶው ጀርባ ስም ጻፉ

ቡና እስኪፈላ እንግዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቆሎ ይቀርብለታል፤ ከቆሎው ቀጥሎ አልበም ይቀርብለታል። ቡሬ ሂዱ፣ ፍኖተ ሰላም ሂዱ፣ ጢስ ዓባይ ሂዱ፣ ነገሩ አንድ ነው። «እስኪደርስ ይቺን እያችሁ» ይባልና ጉልበታችሁ ላይ ይቀመጣል። አልበሙን ከሳጥን የሚያወጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አያት ናቸው። ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ መቀነታቸው ላይ ታስሯል።

የእኚህን አያት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በየቤታችሁ አሉ። በአንዱ ቤት «እምዬ» ይባላሉ፣ በሌላው «እናና»፣ በሌላው ደግሞ «እማማ»። ሰባን አልፈዋል። ፊደል አልቆጠሩም። ሳይነጋ ተነስተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ተመልሰው አመዱን ጠርገው እሳት ያቀጣጥላሉ። በርበሬው ፀሐይ ላይ መሰጣቱን፣ ብቅሉ መብቀሉን፣ ጌሾው መወቀጡን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ዶሮዋ የት እንደምትጥል ያውቃሉ። የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቁርስ ያልበላ እንደሆነ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ እንዝርታቸውን ይዘው ደጃፍ ይቀመጣሉ።

የአያት የትርፍ ጊዜ ሥራ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ፈትልና ስፌት» ይላል። ትክክል ነው፤ ግን አንድ ይጎድለዋል። ወረቀት ማኖርም አለ።

እስቲ ያንን ሳጥን ወይም የድሮ ሻንጣ አስቡት። ከላይ አልበሙ አለ። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ ሌላ ዓለም አለ፦ ጉርድ ፎቶዎች፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ፣ ከጦር ሜዳ የተላከ ደብዳቤ፣ ዲቪ ለመሙላት ተነስተው የተረፉ ፎቶዎች፣ ዓረብ አገር የሄደችው ልጅ አሠሪዎቿ ቤት ደጃፍ ላይ የተነሳችው፣ የሟች ባል ምስል። ምንም አይጣልም። የፎቶ ቤቱ ፖስታ እንኳ አልተጣለም።

በውጭው ዓለም ይህ ሥራ ስም አለው፤ ስክራፕቡክ ይሉታል። ፎቶ፣ ቲኬት፣ ደብዳቤና የጋዜጣ ቁራጭ ደብተር ላይ መለጠፍ ነው። ማርክ ትዌይን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1873 እ.ኤ.አ. ገጹ ላይ ሙጫ የተቀባ የመለጠፊያ ደብተር ፈጥሮ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ዛሬ መቀሱና ተለጣፊ ጌጡ ሳይቀር ለብቻው ይሸጣል። የጎጃም አያት ግን መቀስም ሙጫም አልገዙም። በአማርኛ ስም ካስፈለገው «ቃርሚያ» ቢባል ያስኬዳል፤ ማሳ ከታጨደ በኋላ የወደቀውን እሸት እንደመልቀም ያለ ሥራ ነውና። ሌላው የጣለውን እሳቸው ይለቅሙታል። ድሮ የቤቱን ግድግዳ በጋዜጣና በካላንደር ሥዕል የሚለጥፉትም እኒሁ ሴቶች ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንዱ ግን የተለየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ስም እንዲሰፍር፣ የሁለቱም ፎቶ እንዲለጠፍ ተደረገ። ገበሬው «አረንጓዴው ደብተር» ይለዋል። በገጠር ላለች ብዙ ሴት በሕይወቷ የተነሳችው የመጀመሪያው ፎቶ ለዚህ ደብተር የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ነው። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ ሳትስቅ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። ውበት አይደለም የተፈለገው። ባል ቢሞት ወይም ቢፋቱ «ይህች ሴት በዚህ መሬት ላይ ድርሻ አላት» ብሎ የሚመሰክር ፊት ነው የተፈለገው። ፎቶ እንደ ጌጥ ብቻ የሚታየው ከተማ ነው። አያት ፎቶን እንደ ማስረጃ የሚያስቀምጡት ያለምክንያት አይደለም።

አልበሙ በትክክል የሚነበበው ደግሞ በበዓል ነው። ገና ወይም ፋሲካ ሲሆን ልጆች ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ይመጣሉ። ጾሞ የሰነበተ ቤት ዶሮውን ጨርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ አንዷ የልጅ ልጅ «አልበሙ የት አለ?» ትላለች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ወደ አንድ መደብ ይሰበሰባል። ሕፃናቱ ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ፣ አያት መሐል።

«ይኼ ማነው?»

«ይኼማ ያባትሽ አጎት ነው። እናቱና የኔ እናት የእህትማማች ልጆች ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ያገባው።»

ይህ ተራ ወሬ ይመስላል፤ አይደለም። በአማራ ባህል ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልጁና ልጅቷ ዘመድ ከሆኑ ነገሩ ይቀራል። ይህንን የሚቆጥረው መዝገብ የትም ቢሮ የለም፤ ያለው አያት ጭንቅላት ውስጥ ነው። አልበሙ ለዚያ መዝገብ ማውጫው ነው። አያት ፊቱን ያያሉ፣ ከፊቱ ወደ እናቱ ይሄዳሉ፣ ከእናቱ ወደ አያቱ፣ ከዚያ የማን እድር ውስጥ እንደነበሩ፣ በማን ሠርግ ማን ድንኳን እንዳዋሰ፣ ማን ከማን ተጣልቶ ማን እንዳስታረቀ ይነግሯችኋል። አንድ ፎቶ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

አንዳንዱ ፎቶ ላይ ዝም ይላሉ። ግማሹ በመቀስ የተቆረጠ የሠርግ ፎቶ አለ። ከሌላ ፎቶ ጀርባ ተደብቆ የተቀመጠ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት አለ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፎቶ የደበቀ ቤት ብዙ ነው። እዚያ ላይ ሲደርሱ ገጹን ያልፉታል። ዝምታውም የአልበሙ አካል ነው፤ የገባው የልጅ ልጅ አይጠይቅም።

አልበም ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ታሪክ አይደለም። ጢስ ዓባይ ሄደው ፏፏቴው ፊት ለፊት የተነሱትን ፎቶዎች አስተውሉ። የድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው ያ ፏፏቴ ነው፤ ቦታውን ያላየም ሰው በኪሱ ይዞት ዞሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኑ ተመለሰ፤ በበጋ ፏፏቴው ቀጠነ። እንግዲህ ከዚያ በፊት በጥር ወይም በየካቲት እዚያ የተነሱ ሙሽሮች ከጀርባቸው ያለው ውሃ ምን ያህል እንደነበር ሳያስቡት መዝግበውታል። የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገው ነገር በአንዲት አያት ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጠሪያ ከየቤተሰቡ አልበም የድሮ ፎቶዎችን ሰብስበው መጽሐፍ አሳትመዋል። ያዩት ሁሉ ተገርመዋል። የቡሬ፣ የደንበጫ፣ የፍኖተ ሰላም አልበሞች ግን ሰብሳቢያቸው አሁንም አያት ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ «ዘመኑ የስልክ ነው፤ አልበም ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ስልክ ላይ ሺህ ፎቶ አለ፤ እውነት ነው። ያንን ሺህ ፎቶ ግን ማን አይቶት ያውቃል? በበዓል ቀን የልጅ ልጅ ስልኩን ለአያቱ ያቀብላል፤ እሳቸው ፊቱን ሊዳብሱ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ፎቶው ሹልክ ብሎ ያልፋል። «የት ሄደ?» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ስልኩ ይመለሳል፤ የማንም ስም ሳይነሳ ጨዋታው ያልቃል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲሰበር ደግሞ የሦስት ዓመት በዓል አብሮ ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በስደት ያሉ ልጆች ፎቶ መላክ አቅቷቸው፣ ለእናቶች የቀረላቸው ከሳጥኑ የሚወጣው ያው የድሮ አልበም ነበር።

ቢሆንም አልበሙም ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ፎቶዎቹን ገልብጣችሁ ጀርባቸውን እዩ። ባዶ ነው። አያት አይጽፉም፤ መጻፍም አላስፈለጋቸውም፣ ሁሉንም ያውቁታል። የሚጽፉት ልጆች ደግሞ «እምዬ ታውቀዋለች» ብለው ትተውታል። አንድ ቀን እምዬ ያርፋሉ። አርባው ወጥቶ ዘመድ ሲበተን አልበሙ ለአንዷ ልጅ ይደርሳታል። ስትገልጠው ግማሹ እንግዳ ሰው ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰው ሽማግሌ ማነው? ሕፃኗን ያቀፈችው ሴት የማን ወገን ናት? የሚመልስ የለም። ፎቶው ሳይጠፋ ሰውየው ይጠፋል። ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል ቢባል ሁለተኛው ሞት ይህ ነው።

ስለዚህ «ፎቶዎቹን በስልክ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንጫናቸው» የሚለው ሐሳብ ጥሩ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል። ስም የሌለው ፎቶ ሺህ ቦታ ቢቀመጥ ያው ስም የሌለው ፎቶ ነው። ፎቶው አሥር ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ አያት አይጠብቁም። መጀመሪያ ስሙ፣ ከዚያ ቅጂው።

ሥራው ከባድ አይደለም። እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ያልፋል፣ ጫናውም ከፊት በኩል ምልክት ይተዋል። በስሱ፣ ከጀርባ ጠርዙ ላይ ጻፉ፦ ማን፣ የት፣ ለምን ቀን። ሙጫ ባለው አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካለ እየጎተታችሁ አትላጡት፤ ይቀደዳል። እዚያው እንዳለ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱትና ስሙን በደብተር ላይ በተራ ቁጥር ጻፉ።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቋቸው። አያት ዘመን የሚቆጥሩት በሌላ ነው። «ደርግ ሳይወድቅ ነው ወይስ ከወደቀ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ 1983 ዓ.ም. ተገኘ። «ከመሬት ሽግሽጉ በፊት ነው በኋላ?» በሉ፤ የጎጃም ገበሬ 1989ን አይረሳም። «ባድመ ጦርነት ጊዜ ነው?» «ሚሊኒየም ሲከበር ነው?» በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ብቻ አብዛኛው ፎቶ ዘመኑን ያገኛል። ሲናገሩ ደግሞ የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱ፤ ነግራችኋቸው፣ ፈቅደውላችሁ። ስም በጽሑፍ ይቀራል፤ ስሙን ሲጠሩ የሚስቁት ሳቅ ግን የሚቀረው በድምፅ ነው። የማይፈልጉትን ገጽ ካለፉት እለፉት።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። አብዛኛው የቤተሰብ አልበም ውስጥ በብዛት የማይገኙት ራሳቸው አያት ናቸው። ሁሉም ሲነሳ እሳቸው ምድጃ ዳር ነበሩ። ዶሮውን ይሠሩ ነበር፣ ጠላውን ያጠልሉ ነበር፣ ሕፃን ይዘው ነበር። ያላቸው ፎቶ ምናልባት ያው የአረንጓዴው ደብተር ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። መጪው በዓል ላይ ከምድጃው አስነስታችሁ መሐል አስቀምጧቸውና አንሷቸው። አሳትሙት። አልበሙ ውስጥ አስገቡት። ከጀርባውም ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ፤ የልጅ ልጆቻችሁ «እምዬ» የምትባል ሌላ አያት ይኖራቸዋልና የትኛዋ እንደሆነች ይወቁ።