ሮማይስጥና የአጎቴ ጥያቄ

የተወለድሁት ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በባኮ ከተማ ነው። ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ በ1984 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የሮማውያን ፊደል በገበያችን እንግዳ አይደለም፤ ፊደሉ ከወዴት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ያወቅሁት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት በሄድሁ ጊዜ ነው።

በዚያ ሮማይስጥን፥ ማለት ላቲንን፥ ተማርሁ። መምህራችን ግሱን «አሞ፥ አማስ፥ አማት» እያሉ ያስቀጽሉን ነበረ። ዩልዮስ ቄሣር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበትን የዘመን ሥርዓት እንዳቆመም ነገሩን፤ የእኛም ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት መሆኗ ከዚሁ ልክ ጋር እንደሚስማማ ባስተዋልሁ ጊዜ ሮም ቀርባ ታየችኝ።

ለዕረፍት ወደ ባኮ በተመለስሁ ጊዜ የቅኔ መምህር የነበሩት አጎቴ፥ «ልጄ፥ በመስቀሉ ራስ ላይ ከተጻፉት ከሦስቱ ልሳናት አንዱ ሮማይስጥ እንደ ሆነ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ የጲላጦስ ቋንቋ ለእኛ ምን ይነግረናል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። መልስም በማጣቴ ፈንታ ግዕዛቸውን እንዳረጀ ነገር ቈጥሬ በልቤ ናቅሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አውጉስት ዲልማን በ1865 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመውን ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ፍቺው በሮማይስጥ ነው። ከእርሱም አስቀድሞ የጀርመኑ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በዚያው አቆጣጠር በ1661 የግዕዝን፥ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በዚሁ ልሳን አሳትሞ ነበር። የሉዶልፍም መምህር የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ በ1649 በሮም ተዋወቁ፥ በ1652ም ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራችን የጠየቃቸውን ሁሉ ነገሩት። በ1658 ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

ይህን ይዤ ወደ ባኮ ሄድሁ። የአጎቴ ዓይን ደክሞ ነበርና አጠገባቸው ተቀምጬ እያነበብሁ ተረጐምሁላቸው። በግዕዝ «ንጉሥ» ሲሳብ «ንጉሠ» እንደሚል፥ በሮማይስጥም «ሬክስ» ሲሳብ «ሬጌም» እንደሚል በነገርኋቸው ጊዜ፥ «ተሳቢ አለው እንዴ? እንግዲያስ ቃሉን እያፈራረቁ ቅኔ ሊቀኙበት ይቻላል!» ብለው ሳቁ።

ቀጥለውም ዝም አሉ። «አባ ጎርጎርዮስን ባሕር ዋጣቸው፤ ቃላቸው ግን የሚጽፍ ደቀ መዝሙር አግኝቶ ኖረ። እኔስ የማውቀውን ለማን ነገርሁ? ወረቀት አምጣ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳቸው የቃሉን ምሥጢር ሲናገሩ እኔ ጻፍሁ። ደብተሩ እኩሌታው ሳይሞላ አረፉ። ባዶ የቀረውን ገጽ በገለጥሁ ቁጥር የናቅሁባቸው ዓመታት ይታዩኛል።

አንባቢ ሆይ፥ የሩቅ አገር ልሳን መማር መልካም ነው፤ እኔን ወደ አጎቴ እግር የመለሰኝ እርሱ ነውና። ነገር ግን በቤትህ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ፥ ሳይመሽ ወረቀት ይዘህ አጠገቡ ተቀመጥ።