መጀመሪያ ማቆም

መንዳት ማለት መሄድ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ጎርጎራ ስገባ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። ሹፌሩ አጎቴ የመኪናውን ባለቤት አስፈቅዶ የቪ8 ላንድክሩዘሩን ቁልፍ ሰጠኝ።

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ነዳጅ ስሰጠው ባለ 4.5 ሊትሩ ሞተር ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝ። ደስ ሲል! በ80 ስበር ኩርባው ላይ ከብቶች አየሁ። ፍሬን ያዝኩ፤ መንገዱ እርጥብ ነበርና መኪናው ሄደ፣ ሄደ፣ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ከከብቶቹ መሀል አንድ እረኛ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ አላዩኝም እንዴ?»

እውነትም አላየሁትም።

አጎቴ አልተቆጣኝም። «በ80 ስትነዳ በሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። ፍጥነትህን እጥፍ ካደረግህ፣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትንሸራተተው አራት እጥፍ ነው» አለኝ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ሜዳ ላይ ማቆም ብቻ አስተማረኝ፤ በ20፣ በ30፣ በ40። «ጥርቅም አድርገህ ያዝ፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ አትልቀቅ፤ ዓይንህም መሪህም ወደ ባዶው ቦታ!»

እኔ እንግዲህ ጋዜጠኝነት የምማር፣ ማየት ሥራዬ የሚሆን ሰው ነኝ። የልጁ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መሪ በያዝኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።