አስቀድሞ የታወቀ ውጤት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አሰልቺ ሆኗል ለሚሉ ወዳጆቼ ለብዙ ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ማንቸስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 ዋንጫውን በተከታታይ አራት ጊዜ ወሰደ። የከፋው ግን ከሥር የሆነው ነው፤ በ2024ም ሆነ በ2025 አዲስ ያደጉት ሦስቱም ክለቦች በመጡበት ዓመት ተመልሰው ወረዱ። የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ለዓመታት ያከማቸና ትናንት የገባ ክለብ እኩል አይፎካከሩም። እኔም ጨዋታ ሳያልቅ ከወንበሬ መነሣት ለምጄ ነበር።

በኦክቶበር 2025 ግን በዚያው ዓመት ያደገው ሰንደርላንድ ቼልሲን በገዛ ሜዳው፣ በጭማሪ ሰዓት በተቆጠረ ጎል 2 ለ 1 አሸነፈ። ያን ቀን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተቀመጥኩ። አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅበት ውድድር ምን እንደሚመስል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ደካማው ሲያሸንፍ ከእንግሊዞቹ ባልተናነሰ የምንጮኸውም ለዚህ ይመስለኛል።