«ሲሳካ እነግራችኋለሁ»

ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ የሀበሻ ቤት ስትገቡ ነርስ የሆነ፣ ነርሲንግ የሚማር ወይም ሊማር የሚያስብ ሰው አታጡም። የሚገርመው ግን ማን እንዳመለከተ፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወደቀ የምንሰማው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። «ሳይሳካ አይወራም» ሲባል ሰምተን አደግን። ግማሹ ዓይን እንዳይገባብን ነው፤ ግማሹ «ባይሳካስ?» የሚል ሐፍረት ነው። እኔ የነርሲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምስት ስድስት ሰዎች ጋር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እናጠናለን። እዚያ እንዳየሁት ብዙዎቻችንን የሚጥለን እንግሊዝኛውም ስንፍናም አይደለም፤ ይህ ዝምታ ነው።

ዝምታው የሚያስከፍለን ገና ከመግባታችን በፊት ነው። አንድ ልጅ ሥራ እየሠራ ሦስት ወር ሙሉ ለቲስ ፈተና አጠና። ሊያመለክት ሲል ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ሄሲ ኤ ቱ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ እሁድ አብረውት ቡና ይጠጡ ነበር፤ ግን ለማንም አልነገረም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂም (2401 እና 2402) እንዲሁ ነው። ከሌላ ከባድ ኮርስና ከሙሉ ጊዜ ሥራ ጋር ወስዶ ሲ ከማምጣት፣ ለብቻው ወስዶ ኤ ማምጣት ይሻላል፤ መግቢያው ውድድር ነውና። ብዙ ፕሮግራሞች የቆየ የሳይንስ ውጤት እንደማይቀበሉም ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ» ይላል። በእኔ እይታ በዳላስ ኮሌጅ ወይም በታራንት ካውንቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመቱን ፕሮግራም ጨርሶ፣ እየሠሩ በዩቲ አርሊንግተን ዲግሪውን ማሟላት ከሁሉ ብልህ መንገድ ነው። ሁሉም የሚፈተነው ያንኑ ኤንክሌክስ ነው፤ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ኮምፒውተሩ ከየት እንደተማርክ አይጠይቅም።

ከገባን በኋላ ዝምታው ይብሳል። አብራን የምታጠና አንዲት እናት አለች። ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ሆና ትሠራለች፤ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከዚያ ክፍል ትገባለች። ባለፈው ሴሚስተር በ73.6 ወደቀች፤ ማለፊያው 75 ነበር። አንድ ኮርስ ሁለተኛ ጊዜ ከወደቀች ፕሮግራሙን ትለቃለች። ለባሏ «ደህና ነው» አለችው። አገር ቤት ያሉት እናቷ በየስልኩ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመረቂው?» ሲሏት «ደርሻለሁ እማዬ» ትላለች። ከእኛም ቀረች። ስደውልላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለችኝ። እኔም አልተውኳትም፤ በሦስተኛው ሳምንት እያለቀሰች ነገረችኝ።

ከመምህሯ ጋር ቀጠሮ እንድትይዝ ለመንኳት። እኛ መምህር ቢሮ መሄድ ማስቸገር ይመስለናል፤ እዚህ ግን ሰዓቱ የተመደበው ለዚሁ ነው። ፈተናዋን አብረው ሲያዩት የሳተችው የማታውቀውን አልነበረም። የፖታሲየም ልክ ከ3.5 እስከ 5.0 መሆኑን እንደ ውዳሴ ማርያም ታነበንበዋለች። ጥያቄው ግን ልኩን አልጠየቃትም። ላሲክስና ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ 2.9 ሆኗል፤ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? አራቱም ምርጫ ትክክል ይመስላል። ሸምድደን ያለፍን ሰዎች የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ላይ አንድ ሕግ አወጣን፤ መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን ጮክ ብሎ መናገር፣ በአማርኛም ቢሆን። «ላሲክሱ ፖታሲየሙን በሽንት አወጣበት። ፖታሲየም ሲወርድ ዲጎክሲኑ ልቡ ላይ ይበረታል። ስለዚህ የዛሬውን ዲጎክሲን አልሰጥም፣ የልብ ምቱን አያለሁ፣ ሐኪሙን እጠራለሁ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄማ ሥራ ቦታ ሁልጊዜ የማየው ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ስንት ሌሊት በሽተኛ አጠገብ ያደረች ሴት ናት።

በነገራችን ላይ፣ በስደት ነርስነት መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአባታቸው ጋር እንግሊዝ አገር ተሰደው፣ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። እሳቸውስ ቢያንስ ምን እንደሚማሩ አገር ሁሉ ያውቅ ነበር።

ኮርሱን አሁን እየደገመችው ነው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ 82 አመጣች፤ የመጨረሻው ውጤት የሚታወቀው በታኅሣሥ ነው። ባሏ አሁን ያውቃል፤ ረቡዕና ዓርብ ልጆቹን የሚያደርሰው እሱ ነው። ለእናቷ ገና አልነገረችም፤ እኔም አልገፋኋትም።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ልጅ መጥቶ ነበር። ሳትጠየቅ «እኔ ይሄን ኮርስ እየደገምኩ ነው» አለችው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «እኔም» አለ። ከዚያ ቡናውን ከፔርሙዙ ቀድተን ፈሳሽና ኤሌክትሮላይት ጀመርን።