የአባዬ ዳገት

አማኑኤል፣ ግንቦት

ለምወድሽ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። «መንግሥት ከገበያ እጁን ጠቅልሎ ይውጣ፤ ዋጋው ራሱ ይስተካከላል» አልሽኝ። ኢኮኖሚክስ ተምረሽ እንዲህ ደፍረሽ ስትከራከሪ መስማት ደስ ይለኛል። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ግን ጻፍኩልሽ።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ገበሬው ለመንግሥት የሚያስረክበው የእህል ኮታ ነበረበት። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ያውም ከገበያው በብዙ ያነሰ። እንደኛ ጎጃም እህል በሚተርፍበት አገር ነጋዴ ጭኖ እንዳይወጣ ኬላ ላይ ይያዛል። አንድ ዓመት በረዶ የአባዬን ጤፍ አረገፈው። ኮታው ግን አንድ ቁና አልጎደለም። አባዬ ወይፈኑን ሸጠ፤ በብሩ ከገበያ ጤፍ ገዛ፤ የገዛውን ጤፍ መልሶ በግማሽ ዋጋ አስረከበ። በአህያ ጭነን ስንሄድ አብሬው ነበርኩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እንዲህ የተሰበሰበው እህል ለጦሩና ለከተማው የቀበሌ ሱቅ ነበር የሚሄደው። የከተማው ሰው እንጀራ ረከሰለት፤ ሂሳቡን የከፈለው የአባዬ ወይፈን ነው። መጽሐፍሽ ይህን ግብር ብሎ ላይጠራው ይችላል፤ እኔ ግን ግብር እለዋለሁ፤ ማንም ያልመከረበት ግብር።

በግልጽ የታወጀውም ቢሆን ያገራችን ሰው የሚፈራው ነገር አለው። በንጉሡ ጊዜ፣ በ1960፣ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የኛው ጎጃም ብቸናና ሞጣ ሸፈቱ። ብሩ ከብዷቸው ብቻ አይደለም፤ ለግብር ተብሎ መሬቱ በቃላድ ከተለካ ርስታችን ይሄዳል ብለው ነው። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በኋላ ግን የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሣ፤ ውዝፉንም ማረ። ስለ ግብር ስታጠኚ ከመቶኛው በፊት ይህን ፍርሃት አስቢው።

የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ ኮታውም ተነሣ። በዚያው ክረምት አባዬ ለዓመታት ጦም ያደረውን ዳገት አረሰ። የቀሰቀሰው ካድሬ የለም፤ ያስነሣው ዋጋው ነው። እስከዚህ ካንቺ ጋር ነኝ።

አሁን ያንኑ ዳገት አጎትሽ ነው የሚያርሰው፤ ምርቱም ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። አፈሩ አሲዳማ ሆነ። የኛ ወረዳ ማቻከል ብቻ አይደለም፣ የደጋው አገር ብዙው እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ አፈር የማዳበሪያውን ፎስፈረስ አስሮ ይይዘዋል፤ ለሰብሉ አይለቅለትም። ማዳበሪያው ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። በዚህ ዋጋ የተገዛ ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ታስሮ ሲቀር አጎትሽን ማየት ያሳዝናል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ድንጋዩ ሩቅ አይደለም፤ በደጀን በኩል አባይ በረሃ ሞልቷል። ታዲያ ገበያው ለምን አላመጣልንም? ኖራ ለአንድ ሄክታር ሃያ፣ ሠላሳ ኩንታል ይፈልጋል። ዕቃው ርካሽ፣ ጭነቱ ውድ፣ ጥቅሙም በአንድ ክረምት የማይታይ፣ ለዓመታት ተከፋፍሎ የሚመጣ ነው። ነጋዴው ለዚያ አይጠብቅም፤ አልፈርድበትም። ገበሬውም ዘንድሮ ልጆቹን እያበላ ለአምስት ዓመት የሚሆን ብር አፈር ላይ ሊበትን አይችልም። መንገዱን የሚያስጠርግ፣ ጭነቱን የሚሸከም፣ አፈሩን የሚመረምር መንግሥት ካልሆነ ማን ነው? ከአባዬ ጆንያ ላይ እጁን ማንሣት ነበረበት፤ ከዚህ ላይ ግን እጁን ካነሣ መሬቱ ይሞትብናል። ልጄ፣ ሁለቱን አንድ አታድርጊብኝ።

እስቲ ይህን ሂሳብ ሥሪልኝ። ሠላሳ ኩንታል ኖራ ከደጀን አማኑኤል ለማድረስ ጭነቱ ስንት ይፈጃል? ጭነቱን መንግሥት ቢችል፣ አጎትሽ የድንጋዩንና የማስፈጫውን ቢከፍል፣ በስንት ክረምት ይመለስለታል? የገብሱን ዋጋ የሐሙስ ገበያ ጠይቄ እልክልሻለሁ። ድርቆሽና በሶ በሰው ልኬልሻለሁ፤ ሲደርስሽ ደውይልኝ። አጎትሽ መልስሽን እየጠበቀ ነው፤ ዳገቱን እስካሁን አልዘራውም።

የምትወድሽ እናትሽ